20 ኪሎ ብቻ ይርገጡ

እንኳን ነፍስዎ ተረፈች። እግርዎ ተከፍቶ፣ ብረት ገብቶለት፣ ተሰፍቶ፣ እርስዎም ከማደንዘዣው ነቅተው ውሃ ጠይቀዋል። ከባዱ ነገር አለፈ ማለት ነው። የቀረው ዶክተሩ በማለዳው ጉብኝት ከነተማሪዎቹ አልጋዎን ከቦ፣ ራጁን ወደ መስኮቱ አንሥቶ ካየ በኋላ የተናገራት አንዲት ዐረፍተ ነገር ብቻ ናት፦ «በክራንች መሄድ ይችላሉ፤ በዚህኛው እግር ግን ለ6 ሳምንት ከ20 ኪሎ በላይ እንዳይረግጡ።» ይህን ብሎ ወደሚቀጥለው አልጋ አለፈ። እርስዎም በጨዋነት «እሺ ዶክተር፣ እግዜር ይስጥልኝ» አሉ።

እሺ ያሉት ምኑን እንደሆነ የሚገባዎት ቤትዎ ሲደርሱ ነው። እግር 20 ኪሎን በምን ያውቃል? እጅ ቢሆን ያውቃል፤ የ25 ኪሎ ዱቄት ከረጢት ከመሬት ከፍ አድርጎ «ይቺስ ጎድላለች» የሚል ባለሱቅ በየሰፈሩ አለ። እግር ግን ዕድሜውን ሙሉ ተሸክሞ ኖረ እንጂ መዝኖ አያውቅም።

አስተዳደጋችንም አልረዳንም። እኛ ዘንድ የታመመ ሰው ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ተኝቷል፤ ብርቱካን ይላጥለታል፣ ቴሌቪዥን ይቀነስለታል። ሌላው «ተሻለኝ» ብሎ ተነሥቷል፤ እሱ ደግሞ በማግስቱ የዕድር ድንኳን ሲተክል ይገኛል። ከሁለቱ መካከል፣ ሩብ ቆሞ ሦስት ሩብ ለተኛ ሰው ቦታ አላዘጋጀንም። እርስዎ 6 ሳምንት የሚከርሙት እዚያ ነው። ስለዚህ የሚከተለውን ምክር በጥሞና ያንብቡ፤ ቢቻል እግርዎን ትራስ ላይ ከፍ አድርገው።

መጀመሪያ ሒሳቡ። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው በሁለት እግሩ እኩል ሲቆም እያንዳንዱ እግር ላይ የሚያርፈው 35 ኪሎ ገደማ ነው። እንግዲህ ይህ ሰው ምንም ሳይሠራ፣ ባንክ ቤት ወረፋ እየጠበቀ፣ እጁን አጣጥፎ ቢቆም ከታዘዘለት በ15 ኪሎ አልፏል። ሲራመድማ ጤነኛው እግር ከመሬት በሚነሣባት ቅጽበት ሙሉው ክብደት ባለብረቱ እግር ላይ ይወርዳል፤ ክራንች የሚያስፈልገው ለዚያች ቅጽበት ነው። ሐኪምዎ «ግማሽ ክብደት» ካለዎት ነገሩ ቀለል ይላል፤ ባንክ ቤት መቆም ተፈቅዶልዎታል። «ጣትዎን ብቻ ያስነኩ» ካለዎት ግን እግሩ መሬት የሚነካው እንዳይወድቁ ሚዛን ለመጠበቅ ያህል ነው፤ ምንም አይሸከምም።

20 ኪሎን ለእግር የሚያስተምረው የሰውነት ሚዛን ነው። ፊዚዮቴራፒስቶች ሚዛኑን መሬት ላይ አድርገው ከጎኑ በከፍታ የሚስተካከለው ጣውላ ያኖራሉ። ጤነኛውን እግር ጣውላው ላይ፣ ባለብረቱን ሚዛኑ ላይ ያድርጉ። በክራንቹ ተደግፈው ቀስ እያሉ ይጫኑ፤ መርፌው 20 ላይ ሲደርስ ያቁሙና ስሜቷን ይያዟት። እግሩን ያንሡ። አሁን ዓይንዎን ጨፍነው እንደገና ይጫኑ፤ ከዚያ ገልጠው ያንብቡ። ይደነግጣሉ። ይድገሙት።

ቤትዎ ሚዛን ከሌለ አይጨነቁ፤ አዲስ አበባ ውስጥ ሚዛን ይዞ የተቀመጠ ልጅ የማይገኝበት መንገድ ጥቂት ነው። ካርቶን ላይ ተቀምጧል፤ ከፊቱ ሚዛኑ፣ ከጎኑ ሶፍትና ማስቲካ። ወደ እሱ ሲጠጉ «ጋሼ፣ ይመዘኑ» ይላል፤ ሴት ከሆኑ «እትዬ»።

«አንድ እግሬን ብቻ ነው የምመዘነው» ይበሉት።

ልጁ ክራንቹን ያያል፣ እግርዎን ያያል፣ ሚዛኑን ያያል። «ሁለቱንም ነው እኮ የሚመዝነው» ይላል፤ ሚዛኑ የተናቀ መስሎት። በትዕግሥት ያስረዱት። ጤነኛውን እግር ከአጠገቡ ያለ ሊስትሮ በሚያቀብልዎት ሣጥን ላይ አሳርፈው ባለብረቱን ሚዛኑ ላይ ያውጡ። እስከዚያው ሁለት ተማሪዎች፣ አንድ ጥበቃና ከታክሲ ሰልፍ የወጣ ሰውዬ ይሰበሰባሉ። መርፌው 8 ይላል፤ 12፤ 15። «ምንም አልከበዱም» ይላል ልጁ፣ አዝኖ። ሰውዬው ነገሩን እንደ ውድድር ስለያዘው «አይዞዎት፣ ይጨምሩ!» ይላል። 20 ላይ ያቁሙ። እሱ «ገና ነው!» ቢልም ያቁሙ። በዚህ ዓለም 20 ላይ እንዲቆሙ የሚፈልጉት እርስዎና ዶክተሩ ብቻ መሆናችሁን ከአሁኑ ይልመዱት። ሒሳብ ሲከፍሉ አንድ እግር ነው ብለው በግማሽ አይከራከሩ። ልጁ «ሌላኛውስ?» ካለዎት ለሌላ ጊዜ ይቅጠሩት፤ መመለስዎ አይቀርም። ምክንያቱም ሚዛን ላይ የተማሩት ነገር መንገድ ላይ አይቆይም። ስልክ ሲጮህ፣ ዝናብ ሲጀምር፣ የሚያውቁት ሰው ከማዶ ሲጠራዎት እግር የተነገረውን ይረሳል፤ የሚሳሳተውም ሁልጊዜ ወደ መጫኑ ነው። ሕመሙ ይከለክለኛል ብለውም አይታመኑ፤ ማስታገሻ ውጠዋል።

ለመሆኑ ለምን 20 ሆነ? ለምን ዜሮ አልሆነም፣ ተኝተው እንዲያርፉ? አጥንት ሸክም ሲያጣ ስለሚሰንፍ ነው። የበርሊኑ ቀዶ ሐኪም ዩሊየስ ቮልፍ በ1892 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ያስረዳው ይህንኑ ነው፤ አጥንት ራሱን የሚያንጸው በተጫነበት ልክ ነው፣ ጭነት በበረታበት ይደድራል፣ ጭነት በጎደለበት ይሳሳል። ከዚያም ሌላ የተኛ እግር ጡንቻው ይሟሽሻል፣ ደሙም ሊረጋ ይችላል። ታዲያ ለምን 70 አልሆነም ቢሉ፣ ብረት ስለሚደክም ነው። ሽቦ ወዲያና ወዲህ ደጋግመው ሲያጥፉት እንደሚበጠሰው ሁሉ፣ እግርዎ ውስጥ ያለው ብረትም እያንዳንዷን እርምጃ ይቆጥራል። አጥንቱ ቀድሞ ከገጠመ ብረቱ ሥራ ይፈታል፤ ብረቱ ቀድሞ ከተሰበረ እርስዎ ወደዚያው ጠረጴዛ ይመለሳሉ። 20 ኪሎ እንግዲህ አጥንቱ እንዳይተኛ፣ ብረቱም እንዳይማረር የተደረገ ሽምግልና ነው።

እዚህ ላይ ጎረቤት ይገባል። «የእነ እገሌ ልጅ እኮ በሳምንቱ ነው የረገጠው፤ አንተን ምን ነካህ?» ይላል። ጎረቤትዎ ስለ ልጁ አልዋሸም። ብረት ሁሉ ግን አንድ አይደለም። የጭን ወይም የቅልጥም አጥንት መሃሉ ላይ ሲሰበር በአጥንቱ ጉድጓድ ውስጥ ረጅም ዘንግ ይገባል። በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ለዚህ ከሚገቡት አንዱ «ሳይን» የሚባለው ነው፤ ዘንጉን የሚያዘጋጀውን ድርጅት በ1999 እ.ኤ.አ. ያቋቋመው በቬትናም ጦርነት ያገለገለው አሜሪካዊው የአጥንት ሐኪም ሉዊስ ዘርክል ነው። ዘንጉ የታሰበው ቀዶ ጥገናው እየተካሄደ አጥንቱን በስክሪን የሚያሳይ ማሽን ለሌላቸው ሆስፒታሎች ነው፤ ሐኪሙ የብሎኖቹን ቀዳዳ የሚያገኘው ከውጭ በሚገጠም መለኪያ ክንድ ነው። ዘንግ አጥንቱ መሃል ስለተቀመጠ ሸክሙን ከአጥንቱ ጋር ይካፈላል፤ ባለዘንጉ ልጅ ቶሎ ርገጥ ቢባል አይገርምም። የእርስዎ ስብራት ጉልበት ወይም ቁርጭምጭሚት መገጣጠሚያ ውስጥ የገባ ከሆነና በጎን በሳህንና በብሎን ከተያዘ ግን፣ ተለቅሞ የተስተካከለው የአጥንት ገጽ ቶሎ ከተጫኑት ይሰምጣል። ከዚያ በኋላ ሲራመዱ የሚሰማዎትን ነገር ጎረቤት አይካፈልልዎትም። ስለዚህ የዶክተር ትእዛዝ እንደ እርሾ ከቤት ቤት አይበደርም። ይህን ለጎረቤት በዝርዝር ማስረዳት አድካሚ ስለሆነ «የእኔ ብረት ሌላ ነው» ማለት ይበቃል፤ የውጭ አገር ብረት ይመስለውና ያከብርዎታል።

ወደ ክራንቹ እንምጣ። ፋርማሲ ይሸጣል፤ ግን ማን ይገዛል? ክራንች በሰፈራችን የሚዞር ዕቃ ነው። አንድ ሰው ቁምሳጥን አናት ላይ፣ ከድሮ ሻንጣና ከገና ዛፍ ጀርባ፣ አንድ ጥንድ አለው። እሱ ከእህቱ አግኝቶት ነበር፤ እህቱ ከአማችዋ። አማችየው መለሎ ስለነበሩ ክራንቹ እስካሁን የእሳቸው ቁመት ላይ ነው። ሰው ክራንች ሲዋስ ቁመቱንም ጭምር እንደ አደራ ይረከበውና ትከሻው ጆሮው ላይ ደርሶ ሲሄድ ይታያል።

ቁመቱ ይስተካከላል። በጎኑ ያሉት ቀዳዳዎች ለጌጥ አይደሉም። ጫማዎን አድርገው፣ ቀጥ ብለው ቆመው፣ የክራንቹን አናት ከብብትዎ ሁለት ወይም ሦስት ጣት ዝቅ ያድርጉት። የእጅ መያዣው ክንድዎን ወደ ታች ሲለቁ የእጅዎ አንጓ ካለበት ጋር ይስተካከል፤ ሲይዙት ክርንዎ ትንሽ ይታጠፋል። ክብደትዎ የሚወርደው በእጅዎ ላይ ነው፤ በብብትዎ አይደለም። እዚህ ላይ ለአፍታ ቀልዱን ልተወው። ብብት ውስጥ የሚያልፍ ነርቭ አለ፤ ሰውየው ለቀናት ክራንቹ ላይ በብብቱ ተንጠልጥሎ ከሄደ ነርቩ ይታፈንና የእጅ አንጓው ወደ ላይ አልነሣም ይላል። ለእግሩ ብሎ ሆስፒታል ገብቶ በእጁ የሚመለስ ሰው አለ። አብዛኛውን ጊዜ ይድናል፤ ግን ጠያቂዎች ሲመጡ ለማስረዳት ያስቸግራል።

ጀርመን ወይም ስዊድን ዘመድ ያላቸው ሌላ ዓይነት ይላክላቸዋል፦ ክንድን በቀለበት የሚይዝ፣ አናቱ ብብት የማይደርስ አጭር ክራንች። ብብትን ከችግር ያወጣል፤ መዳፍ ላይ ግን ጨከን ይላል፤ ጥሩ የክንድ ጉልበትም ይፈልጋል። የትኛውም ዓይነት ቢሆን የታችኛውን ጎማ ገልብጠው ይዩት። ከተበላ ይቀይሩ፤ እስኪገኝ ድረስ ከከመነዳሪ የተቆረጠ ወፍራም ጎማ በደንብ አጥብቀው ያስሩበት። እርጥብ ሴራሚክ ላይ ጎማ የሌለው ክራንች ይዞ መቆም 6 ሳምንቱን 12 የሚያደርግ ሥራ ነው።

አካሄዱ ይህ ነው፦ ሁለቱ ክራንቾች ይቀድማሉ፣ ባለብረቱ እግር በመካከላቸው ይከተላል፣ መዳፍዎን ተጭነው ጤነኛውን ያሻግሩ። ባለብረቱ እግር ተረከዙን አስቀድሞ መሬት ይንካ፤ በጣት ብቻ እየዳሰሱ መሄድ ቁርጭምጭሚቱን ያደነድነዋል። ደረጃ ላይ ሕጉ ይለወጣል። አራተኛ ፎቅ ኮንዶሚኒየም ለሚኖር፣ ሊፍት ለሌለው ሰው፣ ይህ ሕግ ከሊዝ ውል ይበልጣል፦ ሲወጡ ጤነኛውን ይሹሙ፣ ሲወርዱ በሽተኛውን ይሻሩ። ማለትም ሽቅብ ሲሆን ጤነኛው እግር መጀመሪያ ደረጃው ላይ ይወጣል፣ በሽተኛውና ክራንቹ ይከተሉታል። ቁልቁል ሲሆን ክራንቹና በሽተኛው አስቀድመው ይወርዳሉ፤ ጤነኛው ከላይ ቀርቶ ገላዎን ቀስ አድርጎ ያወርዳል። መደገፊያ ብረት ካለ በአንድ እጅ እሱን፣ በሌላው ክራንቹን ይያዙ።

በሁለተኛው ፎቅ አካባቢ አንድ ደግ ሰው ያጋጥምዎታል። ክራንቹን ባሳረፉባት ቅጽበት ብብትዎ ሥር እጁን አስገብቶ ወደ ላይ ይስብዎታል። ይህ ሰው አደገኛ ነው። ደግነቱን አይንቀፉ፤ ሥራ ይስጡት፦ ፌስታልዎን ያሸክሙት። ማንም በማያይበት ሰዓት ደግሞ በመቀመጫዎ እየተንሸራተቱ ደረጃ በደረጃ መውረድ ይችላሉ፤ ፊዚዮቴራፒስቶችም የሚያስተምሩት መንገድ ነው። ቢያዩዎት ቁልፍ ወድቆብኝ ነው ይበሉ።

ስለ እጅዎ አንድ ቃል። ክራንች ሁለት እግር ሰጥቶ ሁለት እጅ ይወስዳል። ቡናዎን ይዘው ወደ ሳሎን መሄድ አይችሉም፤ ቡናው ወዳለበት ሄደው ይጠጡ። ሌላውን ነገር አንገት ላይ የሚንጠለጠል ቦርሳ ይሸከምልዎታል፤ ውሃን በኮዳ፣ ሻይን በፔርሙዝ። ሽንት ቤቱ የቁጢጥ ከሆነ ለ20 ኪሎ ሰው የተሠራ አይደለም፤ መቀመጫው መሃል ለመሃል የተቆረጠ የፕላስቲክ ወንበር ያሠሩ፣ እግሮቹ እንዳይንሸራተቱ ያረጋግጡ። ስለዚህ ጉዳይ ከዚህ በላይ አልሄድም።

አሁን ወደ ጠያቂዎች። በመጀመሪያው ሳምንት የሚመጡት ብዙ ናቸው፤ ሁሉም በየተራ ይገባሉ፣ አንዳንዶቹ ሽማግሌ ናቸው። ሽማግሌ ሲገባ መነሣት አለ። እርስዎ በደንብ ያደጉ ሰው ስለሆኑ ሳያስቡት በሁለት እግርዎ ብድግ ሊሉ ይችላሉ፤ ባለብረቱ እግር 35 ኪሎ፣ ምናልባትም ከዚያ በላይ ይሸከማል፣ የተሰፋው ቦታ ይጮኻል። ልጆችዎ «አባዬ ተቀመጥ!» ብለው ሊይዙዎት ሲሮጡ ደግሞ ክራንቹ ይወድቃል።

ግማሽ መነሣት ግን አስቀድመን የተካንበት መሆኑን ያስተውሉ። ሳሎን ውስጥ በደህናው ቀን እንኳ ማን ሙሉ በሙሉ ይነሣል? አዛውንቱ በበሩ ሲገቡ ወንበሮች ይንቋቋሉ፤ ሰው ሁሉ እጁን የወንበሩ ክንድ ላይ ጭኖ፣ ከመቀመጫው አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ብሎ፣ ወገቡን ጎንበስ አድርጎ «ኖር!» ይላል። አዛውንቱም እጃቸውን ዘርግተው «በእግዜር! አይነሡ!» ይላሉ። በዚያች መካከል የተነሣው ሰው ቆሟልም፣ ተቀምጧልም። ክብደቱ ሩቡ እግሩ ላይ፣ ቀሪው ክንዱና ወንበሩ ላይ ነው። ማንም አላስተማረውም፤ ማንም ሚዛን ላይ አላወጣውም። ከልጅነቱ እናቱ ጎኑን እየጎሰመች አስለመደችው እንጂ። ፊዚዮቴራፒስት ቢያየው «እንዲህ ነው!» ይላል።

ስለዚህ ምክሬ፦ ሲራመዱ ሁሉ ኖር ይበሉ። ባለብረቱ እግር መሬት በነካ ቁጥር አንድ የተከበሩ ሰው በበሩ ገብተው አይነሡ እያሉዎት እንደሆነ ያስቡ። ለመነሣት ያሰቡ፣ ግን ያልተነሡ። ሰው ፊት ጮክ ብለው «ኖር» ማለት አያስፈልግም፤ ሰፈር ውስጥ ሌላ ወሬ ይነሣል።

ጠያቂዎች ምግብ ያመጣሉ፤ ይብሉ። ለአጥንት የሚበጀው ሥጋው፣ እንቁላሉ፣ ወተቱና ሽሮው ነው፤ የአጥንት መረቁ ያሞቃል እንጂ ካልሲየሙ የሚወራለትን ያህል አይደለም። ይህን ግን ቅቅሉን ይዘው ለመጡት እናት አይንገሩ። ሲጋራ የሚያመጣ ጓደኛ ካለ ግን ከነሲጋራው ይመልሱት፤ ጭስ የአጥንትን መግጠም ያዘገያል። ምክርም ያመጣሉ። በሁለተኛው ቀን «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ያላለዎት ሰው ቢኖር ሰዓት አጥሮት ነው። ልብ ይበሉ፤ እንቁላል ብረት የለበትም፣ ራጅም አልተነሣም።

በእነሱ መካከል ወጌሻ የሚያውቁ አክስት አሉ። «እጁ ቅቤ ነው፤ አንድ ጊዜ ቢያሽልህ...» ይላሉ። ወጌሻ በአገራችን ብዙ ቁርጭምጭሚት መልሷል፤ ያንን አንክድም። ብረት የገባበትን እግር ግን ማንም አያሽም። ባት ውስጥ ደም ረግቶ ከሆነ መታሸቱ ነቅሎ ወደ ሳንባ ይሰደዋል። ጠፍር ወይም ቀርከሃ አጥብቆ ማሰርም ደም ከልክሎ እግር እስከማስቆረጥ ያደርሳል፤ የአጥንት ሐኪሞቻችን ደጋግመው ያዩት ነገር ነው። አክስትን ላለማስቀየም «ስፌቱ ይድረቅና» ይበሉ። ስፌቱ ሲደርቅ «ራጅ ልነሣና» ይበሉ። እግዚአብሔር ያውቃል፣ እስከዚያ አጥንቱ ይገጥማል።

ሌላዋ ጠያቂ አቡነ ተክለ ሃይማኖትን ያነሣሉ፤ በጸሎት ብዛት እግራቸው ተሰብሮ በአንድ እግራቸው 7 ዓመት የቆሙትን፣ ስባረ አጽማቸው ጥር 24 የሚታሰበውን። «አንተ ለ6 ሳምንት ታማርራለህ!» ይላሉ። ትክክል ናቸው። ነገር ግን ለእሳቸው ክንፍ ተሰጥቷቸዋል፤ ለእርስዎ ክራንች። ቅዳሴ ላይ ይቀመጡ፤ ቄሱ አይቆጡም። መቋሚያ ቢያቀብሉዎትም ለመቆም እንጂ ለመሄድ የተሠራ አለመሆኑን አይርሱ። ሙስሊም አንባቢዬም ወንበር ላይ ተቀምጦ መስገድ እንደሚፈቀድለት ያውቃል፤ ይህን እያወቀ መስገጃው ላይ ጉልበቱን የሚያጥፍ ግን አይጠፋም።

ከቤት መውጣት ግድ ከሆነ ኮብልስቶን ላይ የክራንቹ ጫፍ በድንጋዮቹ መካከል እንዳይገባ ቁልቁል እያዩ ይሂዱ። በኮሪደር ልማት የተሠሩት ሰፋፊ የእግረኛ መንገዶች ለክራንች ተመችተዋል፤ ዝናብ ሲነካቸው ግን ከባለሚዛኑ ልጅ ይልቅ እነሱ ይመዝኑዎታል። ታክሲ ውስጥ ጋቢና ይጠይቁ፤ ረዳቱ «ጋቢና ሞልቷል፣ ከኋላ ጠጋ ጠጋ በሉ» ካለ ቀጣዩን ይጠብቁ። ለመውረድ «ወራጅ አለ» የሚሉት ከወትሮው አንድ ፌርማታ አስቀድመው ነው፤ ክራንቹን ከሰው እግር ሥር ለቅሞ ማውጣት ጊዜ ይወስዳል።

ከዚህ ሁሉ መካከል የማይቀለድባቸው ነገሮች አሉ። ባትዎ አብጦ ከጠነከረና ካመመ፣ ድንገት ትንፋሽ ካጠረዎት ወይም ደረትዎን ከወጋዎት፣ ስፌቱ መግል ካወጣ፣ ትኩሳት ከመጣ፣ ጣቶችዎ ከቀዘቀዙ ወይም ከደነዘዙ፣ አክስትንም ጎረቤትንም ሳያማክሩ ሆስፒታል ይሂዱ። የደም ማቅጠኛ መርፌ ታዝዞልዎት ከሆነ ደግሞ «ደህና ነኝ» ብለው በራስዎ አያቁሙ።

አንድ ቀን ዶክተሩ አዲሱን ራጅ ወደ መስኮቱ ያነሣና «ጥሩ ነው፤ መጨመር ይችላሉ» ይላል። ቅልጥም ከሆነ ሙሉ በሙሉ ለመግጠም 4 ወር፣ ከዚያም በላይ ሊፈጅ ስለሚችል በዚያው ቀን ፎቅ ላይ ሮጠው አይውጡ። ሱሪዎን ሲያወልቁ አንዱ ጭንዎ ከሌላው መቅጠኑን ያያሉ፤ ጡንቻው ተኝቶ ነበር። አንድ ክራንች ጥለው በአንዱ ብቻ መሄድ ሲጀምሩ የሚይዙት በጤነኛው እግር በኩል ነው። ሰው ሲራመድ እግሩ ከተቃራኒው እጁ ጋር ነው የሚሄደው፤ በዚያ በኩል ያለ ድጋፍ ከዳሌ ላይ ሸክም ያነሣል፣ ባለብረቱ እግር በኩል ከያዙት ግን እያዘመመ ይወስድዎታል።

ይህን ግን መንገደኛው አያውቅም። ከቤትዎ እስከ ዳቦ ቤቱ ድረስ ጥበቃው፣ ጀበና ቡና የምትሸጠው ልጅ፣ የማያውቁት አንድ ሹፌር በመስኮት ራሱን አውጥቶ፣ ሁሉም «በተሳሳተ እጅ ነው የያዙት!» ይሉዎታል። ለመጀመሪያዎቹ ያስረዱ። ከዚያ «ሐኪም ነው ያዘዘኝ» ይበሉ። ከዚያ ዝም ብለው ይለፉ።

ሁለተኛው ክራንችም ጥግ መቆም በጀመረ ሰሞን ሦስት ቤት አልፎ ያሉት ሴትዮ ልጅ ይልካሉ። «እማዬ ክራንቹን ጨርሰዋል ወይ ብላለች።» ጎማዎቹን አዲስ አድርገው ይስጡት። ልጁን ግን እንዲያው አይስደዱት፤ ለማን እንደሆነ ይጠይቁት። «ለአጎቴ ነው» ይላል። ቁመቱን ይጠይቁት። ልጁ እጁን ከራሱ በላይ ዘርግቶ ያሳይዎታል። ብሎኑን ፈተው ሦስት ቀዳዳ ያስረዝሙለት፤ ቀሪውን በጣት እንዲለኩ ደግሞ ለእናቱ ይላኩበት።